ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ፤ የድንግልና መምህር፣ የጋብቻ ጠበቃ

ሰዱቃውያን ወደ ጌታችን ወደ ኢየሱስ ክርስቶስ ቀርበው፣ ሰባት ወንድማማች ተራ በተራ ያገቧት ሴት በትንሣኤ ቀን የማንኛቸው ሚስት ትሆናለች ብለው እንደ ጠየቁት ቅዱስ ወንጌል ይነግረናል። የጠየቁት ግን ለማወቅ ፈልገው ሳይሆን ለመዘባበት ነበር፤ ትንሣኤ ሙታን የለም ባዮች ነበሩና። ጌታችንም በትንሣኤ ማግባትና መጋባት እንደሌለ፣ የሚነሡትም እንደ እግዚአብሔር መላእክት እንደሚሆኑ አስረድቶ አሳፈራቸው።

ሰዱቃውያን በመዘባበት ያነሡትን ይህን ጥያቄ በእውነተኛ ኀዘን የሚያነሡ ምእመናን ግን በየዘመኑ አሉ። ባሏን ቀብራ ወደ ባዶ ቤቷ የተመለሰች መበለት፣ አርባ ዓመት አብራው የኖረች ሚስቱን ያጣ ሽማግሌ፣ በወዲያኛው ዓለም እንተያይ ይሆን ወይ፣ ወይስ ፍቅራችን ከሥጋችን ጋር አፈር ሆኖ ቀረ እያሉ የንስሓ አባታቸውን ይጠይቃሉ። ከዚህም ጋር የተያያዙ ሌሎች ሁለት ጥያቄዎች አሉ። በትንሣኤ ጋብቻ ከሌለ የዛሬው ጋብቻ ምን ይጠቅማል? ድንግልናስ ከጋብቻ የሚበልጥ ከሆነ፣ በሕግ የሚኖሩ ባልና ሚስት መኝታቸው ርኩስ ነው ማለት ነውን?

ከቀደሙት አባቶች መካከል ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በትምህርቱም በኑሮውም መልስ ትቶልን ያለፈው ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ነው። እርሱ ራሱ ሚስት አላገባም፤ በወጣትነቱ በተራራ መንኖ፣ በጕልምስናው በመንበር ተቀምጦ፣ በድንግልና ኖሮ በስደት ዐረፈ። ነገር ግን እናቱ በሃያ ዓመቷ መበለት የሆነች ሴት ነበረች፤ በመከራ ካጽናናቸውም ሰዎች ስማቸው የታወቀው መበለቶች ናቸው፤ ስብከቱን ለመስማት ይሰበሰብ የነበረው ሕዝብም አብዛኛው ባለ ትዳር ነበር። ስለዚህ ስለ ጋብቻና ስለ ትንሣኤ ያስተማረው ከመጽሐፍ ብቻ ተምሮ ሳይሆን የሰውን እንባ በቅርብ አይቶ ነው። ታሪኩን ከመጀመሪያው እንከተል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ዮሐንስ በ349 ዓ.ም. ገደማ፣ ያን ጊዜ የሶርያ ዋና ከተማ በነበረችው፣ ዛሬ ግን በቱርክ አገር ውስጥ በምትገኘው በአንጾኪያ ተወለደ። አባቱ ሴኩንዶስ በሠራዊቱ አለቃ ዘንድ ከፍ ያለ ማዕርግ የነበረው ሰው ሲሆን፣ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ሞተ። እናቱ አንቱሳ ያን ጊዜ ዕድሜዋ ሃያ ዓመት ያህል ነበር። ወጣት፣ ባለጸጋና ከከበረ ቤተ ሰብ የተወለደች ስለ ነበረች እንደ ዘመኑ ልማድ ሁለተኛ ባል ማግባት አያስቸግራትም ነበር። እርስዋ ግን የመበለትነትን ቀንበር ተሸክማ ልጇን ማሳደግን መረጠች። አባቱ የተወውን ሀብት ሳትነካ ጠብቃ፣ ለልጇ ትምህርት የሚያስፈልገውን ከራስዋ ገንዘብ ታወጣ ነበር።

ዮሐንስም በዚያ ዘመን በንግግር ጥበብ ስሙ በገነነው፣ በሃይማኖቱ ግን አረማዊ በነበረው በሊባንዮስ ዘንድ ተማረ። ዮሐንስ ራሱ እንደ ጻፈው፣ አረማዊው መምህሩ ስለ እናቱ ጠይቆ ዕድሜዋ አርባ ዓመት እንደ ሆነ፣ ከዚያም ሃያውን ዓመት በመበለትነት እንዳሳለፈችው በሰማ ጊዜ፣ በክርስቲያኖች ዘንድ እንዴት ያሉ ሴቶች እንዳሉ በታላቅ ድምፅ አደነቀ። መምህሩን ያስደነቀው የፈላስፎች ጥበብ አልነበረም፤ አንዲት ሴት ለሞተ ባሏ የጠበቀችው ታማኝነት ነበረ እንጂ።

ዮሐንስ ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ የዓለምን ክብር ንቆ በ368 ዓ.ም. ገደማ ከአንጾኪያው ሊቀ ጳጳስ ከመሌጥዮስ እጅ ተጠመቀ፤ ከሦስት ዓመትም በኋላ አናጉንስጢስ ሆነ። ባስልዮስ ከሚባል ወዳጁ ጋርም ከቤታቸው ወጥተው ለመመንኰስ ተማከሩ። አንቱሳ ይህን በሰማች ጊዜ ልጇን በእጁ ይዛ እርሱን ወደ ወለደችበት ክፍል አስገባችው፤ በአልጋውም ላይ በአጠገቡ ተቀምጣ እያለቀሰች የመበለትነትን መከራ ዘረዘረችለት። የአገልጋዮች ተንኰል፣ የዘመዶች ክፋት፣ የግብር ሰብሳቢዎች ጭካኔ በወጣትነቷ እንዴት እንደ ተፈራረቁባት ነገረችው። በዚያ ሁሉ መከራ መካከል መጽናኛዋ ፊቱን አዘውትራ ማየት እንደ ነበረ፣ በፊቱም ላይ የሞተውን አባቱን መልክ ታይ እንደ ነበረ ገለጸችለት። ስለዚህም ሁለተኛ መበለት እንዳያደርጋት፣ ከሞተችም በኋላ ወደ ፈለገበት እንዲሄድ ለመነችው። ይህን ሁሉ ዮሐንስ ስለ ክህነት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ እናነበዋለን።

ይህ የእናቱ ልመና በልቡ ታትሞ ቀረ። ዮሐንስ ለጊዜው በቤቱ ቈይቶ በ372 ዓ.ም. ገደማ ከከተማው አጠገብ ወዳለው ተራራ ወጣ። አራት ዓመት በአንድ ሶርያዊ አረጋዊ መነኩሴ ሥር ሆኖ ምናኔን ተማረ። ከዚያም ሁለት ዓመት ብቻውን በዋሻ ተቀምጦ፣ እንቅልፍን ለራሱ እየነሣ፣ ቅዱሳት መጻሕፍትን በቃሉ ያጠና ነበር። ከጾሙና ከብርዱ ብዛት ሆዱና ኵላሊቱ ታመሙበት፤ በ378 ዓ.ም. ገደማ ወደ ከተማ ተመለሰ። ሕመሙ እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀውም። በ381 ዓ.ም. መሌጥዮስ ዲቁና ሾመው፤ በ386 ዓ.ም. ደግሞ የመሌጥዮስ ተከታይ ፍላብያኖስ ቅስና ሾመው።

በዲቁናው ዘመን ስለ ድንግልና አንድ ታላቅ መጽሐፍ ጻፈ። በዚህ መጽሐፍ ድንግልናን ከጋብቻ በላይ አድርጎ ያመሰግናል፤ ሰማይ ከምድር፣ መላእክትም ከሰዎች የሚበልጡትን ያህል ድንግልና ከጋብቻ ይበልጣል ይላል። ይሁን እንጂ መጽሐፉን የጀመረው ጋብቻን በመንቀፍ ሳይሆን የመናፍቃንን ድንግልና በመንቀፍ ነው። ማርቅዮን፣ ዋሌንጢኖስና ማኒ ሥጋ የክፉ አምላክ ሥራ ነው፣ ወይም ከክፉ የመጣ ነው እያሉ ተከታዮቻቸውን ጋብቻ ይከለክሉ ነበር። ዮሐንስ ግን ጋብቻን ርኩስ ነው ብሎ የሚተው ሰው ከድንግልናው ምንም ዋጋ እንደማያገኝ አስተማረ። ምክንያቱም ክፉ ከሆነ ነገር መራቅ ግዴታ ነው እንጂ ትሩፋት አይባልም። ጋብቻ መልካም ስጦታ ከሆነ ግን፣ መልካሙን ትቶ የተሻለውን የሚመርጥ ሰው በእውነት ይመሰገናል። ስለዚህ ጋብቻን የሚያቃልል ሰው የድንግልናንም ክብር ያዋርዳል፤ ጋብቻን የሚያከብር ደግሞ ድንግልናን ይበልጥ ከፍ ያደርጋል። መነኮሳትና ባለ ትዳሮች ተናንቀው መኖር እንደማይገባቸው ከዚህ ትምህርት ይታወቃል።

በዚያው መጽሐፍ ጋብቻ ከየት እንደ መጣና ወደ የት እንደሚሄድም መረመረ። አዳምና ሔዋን በገነት ሳሉ እንደ መላእክት ይኖሩ እንደ ነበረ፣ ትእዛዝን ጥሰው ሞት ከመጣባቸው በኋላ ግን የሥጋ ሩካቤና ልጅ መውለድ እንደ ጀመሩ ያስተምራል። ልጅ መውለድ ለሟች ሰው የተሰጠ መጽናኛ ነው፤ አባት ቢሞት ስሙና መልኩ በልጁ ይታያልና። እናቱ በእርሱ ፊት የአባቱን መልክ ትፈልግ የነበረውን ይህን የመሰለ ትምህርት ሲጽፍ ሊረሳው አይችልም ነበር። ትንሣኤ ከተሰበከ ወዲህ ግን ሰው ሞትን ድል የሚያደርገው በልጅ ሳይሆን በክርስቶስ እንደ ሆነ ታወቀ። ስለዚህ ጋብቻ አሁን ከሁሉ ይልቅ የሚያገለግለው ሰውን ከዝሙት ለመጠበቅ ነው ይላል።

ለሰዱቃውያን ጥያቄ የሚሆነው መልስም ከዚህ ይገኛል። ሞት በሌለበት ሟችን የሚተካ ልደት አያስፈልግም፤ ልደት በማያስፈልግበትም የሥጋ ጋብቻ ያበቃል። ዮሐንስ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጕም እንዳብራራው፣ የሚነሡት ሰዎች እንደ መላእክት የሚሆኑት ስላላገቡ አይደለም፤ እንደ መላእክት ስለ ሆኑ አያገቡም እንጂ። በትንሣኤ ጋብቻ የሚቀረው እንደ ርኩስ ነገር ተጥሎ ሳይሆን፣ ሥራውን ፈጽሞ እንዳረፈ አገልጋይ ነው ማለት ይገባናል።

ታዲያ ፍቅሩስ? ጋብቻ ከሞት ጋር የሚያበቃ ከሆነ፣ ባልና ሚስት የተዋደዱበት ፍቅርም አብሮ ያበቃልን? ይህን ጥያቄ ዮሐንስ የመለሰው በ380 ዓ.ም. ገደማ ለአንዲት ወጣት መበለት በጻፈው መልእክት ነው። ባሏ ቴራስዮስ የከበረ ሰው ሲሆን ለታላቅ ሹመት ሲጠበቅ፣ አብረው የኖሩት አምስት ዓመት ብቻ ሆኖ ሞተ። ዮሐንስ ኀዘንዋን አልነቀፈም፤ መጀመሪያ እንድታለቅስ ጊዜ ሰጥቶ፣ የኀዘኑ ማዕበል ጸጥ ማለት ሲጀምር ጻፈላት። የዓለም ክብር ከንቱ መሆኑን ለማሳየት በዘመኑ የነበሩ ነገሥታት እንዴት ያለ አሟሟት እንደ ሞቱ አስታወሳት። ከእነርሱም በ378 ዓ.ም. በጦርነት የጠፋው ንጉሥ ዋሌንስ አንዱ ነው።

ከዚያም ወደ ልብዋ ቍስል ገባ። የምትናፍቀው ባሏን ማየት ከሆነ፣ መንገዱ ሌላ ባል ማግባት ወይም በኀዘን መቅለጥ ሳይሆን፣ እርሱ የኖረበትን መልካም ኑሮ መኖር እንደ ሆነ ነገራት። እንዲህ ካደረገች እርሱ ወደ ደረሰበት ማረፊያ ትደርሳለች፤ ከእርሱም ጋር አምስት ዓመት አይደለም፣ መቶ ዓመትም አይደለም፣ ሺህ ዓመትም አይደለም፣ መጨረሻ በሌለው ዘመን ትኖራለች። አብራው የምትኖረው ግን በቀድሞው የሥጋ ውበት ሳይሆን ከፀሓይ በሚበልጥ ብርሃን አሸብርቆ ስታገኘው ነው። አንድነታቸውም ነፍስ ከነፍስ ጋር የሚተባበርበት፣ ከሥጋ አንድነት እጅግ የጠለቀና የከበረ ነው። እንግዲህ ሁለቱን ነገር ለይተን እንወቅ። ለሟችነታችን የተሰጠው የሥጋ ሥርዓት ከሞት ጋር ያልፋል፤ በክርስቶስ የነጻው ፍቅር ግን አያልፍም፤ ይፈጸማል እንጂ።

በዚያው ወራት ሁለተኛ ጋብቻን ስለ መተው ሌላ ድርሰት ጻፈ። በዚያም ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ የፈቀደውን ሁለተኛ ጋብቻ እንደማይከለክል ገልጾ፣ የቻለ ሰው ግን በመጀመሪያው ቢጸና እንደሚሻል መከረ። መበለትን የሚያስገድድ ሕግ አላወጣም፤ ተስፋ ሰጣት እንጂ።

ቅስና ከተሾመ በኋላ በአንጾኪያ ለዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ሰበከ። በ387 ዓ.ም. የከተማው ሕዝብ በግብር ተቈጥቶ የንጉሡን ምስሎች በሰበረና የንጉሥ ቍጣ በፈራ ጊዜ፣ በዐቢይ ጾም ተከታታይ ስብከት ሕዝቡን አጽናና፤ ዝናውም ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ተሰማ። በእነዚያ ዓመታት ግን አዘውትሮ ያስተማረው ስለ ቤትና ስለ ትዳር ነበር። በተራራ ላይ የነበረው መነኩሴ አሁን የሰዎችን ጭቅጭቅ፣ የወንዶችን ዝሙት፣ የሴቶችን እንባ በየቀኑ የሚሰማ ቄስ ሆኖ ነበርና።

የዚያን ዘመን የሮም ሕግ ባለ ትዳር ሴት ከሌላ ወንድ ጋር ብትገኝ ብርቱ ቅጣት ይቀጣ ነበር። ባለ ትዳር ወንድ ወደ ጋለሞታ ወይም ወደ ገረዱ ቢገባ ግን እንደ አመንዝራ አይቈጥረውም ነበር። ዮሐንስ በዚህ ላይ ተነሣ። የቄሣር ሕግ የፈቀደውን የእግዚአብሔር ሕግ እንዳልፈቀደው፣ ሚስት ያለችው ሰው ከየትኛይቱም ሴት ጋር ቢሄድ አመንዝራ እንደ ሆነ በግልጥ ሰበከ። ቅዱስ ጳውሎስ ባል በገዛ ሥጋው ላይ ሥልጣን እንደሌለው፣ ሥልጣኑ የሚስቱ እንደ ሆነ፣ እንዲሁም ሚስት በገዛ ሥጋዋ ላይ ሥልጣን እንደሌላት ማስተማሩን ሲተረጕም፣ በሌላው ነገር ሁሉ ባል ራስ ቢሆንም በዚህ ነገር ግን ሁለቱ እኩል መሆናቸውን አስረዳ። አንዱ ያለ ሌላው ፈቃድ ለጾም ብሎም ቢሆን ከመኝታ እንዲለይ አልፈቀደም፤ እንዲህ ያለው ጾም ፍቅርን አፍርሶ ሌላውን ወደ ዝሙት ይጥለዋልና።

የኤፌሶንን መልእክት ሲተረጕም ደግሞ ወደ ፍቅሩ ምሥጢር ገባ። እግዚአብሔር ከጥንት ጀምሮ ስለ ወንድና ሴት አንድነት እንዳሰበ፣ ሴትንም ከሌላ አፈር ሳይሆን ከወንድ ጎን የፈጠራት ሁለቱ እንዳይለያዩ እንደ ሆነ አስተማረ። ባል ሚስቱን ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን እንደ ወደደ ሊወድዳት፣ ስለ እርስዋም ነፍሱን እስከ መስጠት ሊደርስ ይገባዋል። አገልጋይን በማስፈራራት መያዝ ይቻል ይሆናል፤ የሕይወት ተካፋይን ግን በፍቅር እንጂ በፍርሃት መያዝ እንደማይገባ ይገሥጻል። ቤት ታናሽ ቤተ ክርስቲያን እንዲሆን፣ ባልና ሚስት አብረው እንዲጸልዩ፣ አብረው ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዲሄዱ፣ ከተመለሱም በኋላ የተነበበውንና የተሰበከውን እንዲጠያየቁ ያዝዛል።

ለአዲስ ሙሽራም ለሚስቱ ምን ሊነግራት እንደሚገባ አስተማረው። ከነፍሱ ይልቅ እንደሚወዳት፣ የዚህ ዓለም ኑሮ ግን አጭር መሆኑን፣ ጸሎቱና ተስፋውም ሁለቱ በዚህ ዓለም እግዚአብሔርን ደስ አሰኝተው በሚመጣው ዓለም ከክርስቶስ ጋርና እርስ በርሳቸው ለዘለዓለም እንዲኖሩ መሆኑን በሠርጉ ወራት ይንገራት አለ። በአንድ ጊዜ ለመበለቲቱ በኀዘንዋ የነገራትን ተስፋ፣ አሁን ለሙሽራው በደስታው ቀን አስቀድሞ ሰጠው። ባልና ሚስት ትንሣኤን የሚያስቡት ሞት ሲለያያቸው ብቻ ሳይሆን፣ ከተጋቡበት ቀን ጀምረው መሆን አለበት ማለቱ ነው።

ዮሐንስ በወጣትነቱ ስለ ድንግልና ሲጽፍ የጋብቻን ጭንቅና ውጣ ውረድ አብዝቶ ዘርዝሮ ነበር፤ እረኛ ከሆነ በኋላ ግን የጋብቻን ቅድስና አብዝቶ ተናገረ። በዚህ ምክንያት አሳቡን ለወጠ የሚሉ አሉ። ድንግልና እንደሚበልጥ ማስተማሩን ግን እስከ መጨረሻው አልተወም። የጨመረው ነገር ቢኖር፣ ቅድስና በዋሻ ብቻ ሳይሆን በማዕድና በመኝታ አጠገብም እንደሚገኝ ማሳየቱ ነው።

በ397 ዓ.ም. የቁስጥንጥንያው ሊቀ ጳጳሳት ንክታርዮስ ዐረፈ። የንጉሥ አርቃድዮስ ባለሟል አውትሮጵዮስ ዮሐንስን ሳያስበው ከአንጾኪያ አስወስዶ ወደ ቁስጥንጥንያ አመጣው፤ በ398 ዓ.ም. የካቲት ወርም የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቴዎፍሎስ ሾመው። ዮሐንስ የመንበሩን ቅንጦት አስወግዶ ለድኆች ሕሙማን መታከሚያ ቤቶች አሠራ። ካህናቱንም አልማረም። አንዳንዶቹ ሚስት ሳያገቡ ደናግልን እንደ መንፈሳዊ እኅት አድርገው በአንድ ቤት ያኖሩ ነበር። ዮሐንስ ይህን አጥብቆ ከለከለ፤ ጋብቻም ድንግልናም ግልጥ የሆነ የእግዚአብሔር ሥርዓት ሲሆን፣ ይህ ግን ከሁለቱም ያልሆነ የእንቅፋት ኑሮ ነበርና።

በሠርግ ላይ ስለሚደረገውም ነገር ገሠጸ። የቈላስይስን መልእክት ሲተረጕም፣ ዘፋኞችና አስቂኞች በሠርግ ቤት የሚያሰሙትን የዝሙት ዘፈን ነቀፈ፤ በእነርሱ ፈንታ ድኆች እንዲጠሩ፣ በድኆችም ክርስቶስ ወደ ሠርጉ እንዲገባ መከረ። በዚያው ስብከት ስለ ባልና ሚስት የሥጋ አንድነት በግልጥ ሲናገር ሰሚዎቹ አፈሩ። እርሱ ግን በጸያፍ ዘፈን ሳያፍሩ ስለ ንጹሕ ጋብቻ ሲነገር ማፈራቸው የፈጣሪን ሥራ መንቀፍ እንደ ሆነ ነገራቸው። ሁለቱ አንድ ሥጋ ይሆናሉ መባሉን ሽቱ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ አንድ እንደሚሆን አድርጎ መሰለው፤ ልጅም ሁለቱን የሚያገናኝ ድልድይ ነው አለ።

ስለ ሙታን ያስተማረውም ከዚህ የተለየ አይደለም። ለሞተ ሰው ከመጠን ያለፈ ዋይታና ፊት መንጨት እንደማይጠቅመው፣ የሚጠቅመው ጸሎት፣ ምጽዋትና በቅዱስ ቍርባን ጊዜ የሚደረግ መታሰቢያ እንደ ሆነ አስተማረ። ባሏ የሞተባት ሴት ለባሏ የምታደርገው አንዳች ነገር አልቀረም ማለት አይደለም። ከጋብቻው የሥጋው አገልግሎት ቢያበቃም፣ የፍቅሩ አገልግሎት በጸሎትና በምጽዋት ይቀጥላል።

በቁስጥንጥንያ ይህን ትምህርት በኑሮዋ የፈጸመች አንዲት መበለት አገኘ። ስምዋ ኦሎምጵያስ ይባላል። እጅግ ባለጸጋ ነበረች፤ የከተማው ገዥ የነበረውን ነብሪድዮስን አግብታ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሞተባት። ታላቁ ንጉሥ ቴዎዶስዮስ ኤልጲድዮስ ለሚባል ዘመዱ ሊድራት ፈለገ። እርስዋ ግን ፈጣሪዋ ከባል ጋር እንድትኖር ፈቅዶ ቢሆን ኖሮ ነብሪድዮስን ባልወሰደባት ነበር ብላ እንቢ አለች። ንጉሡም ተቈጥቶ ሠላሳ ዓመት እስኪሞላት ሀብትዋን በሞግዚት እጅ አደረገው፤ በ391 ዓ.ም. መለሰላት። ንክታርዮስም ገና ወጣት ሳለች ዲያቆናዊት አድርጎ ሾማት። ከታላቂቱ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ገዳም ሠርታ ሁለት መቶ ኀምሳ ያህል ሴቶች ሰበሰበች፤ ሀብትዋንም ለድኆች በተነች።

ሊቀ ጳጳሱ የሹማምንትንና የቤተ መንግሥትን ቅንጦት ስለ ገሠጸ ንግሥት አውዶክስያ ተቀየመችው፤ ጳጳሳትም ተነሡበት። በ403 ዓ.ም. ቴዎፍሎስ በመራው ጉባኤ ከመንበሩ ተሻረ። ወዲያው ወደ መንበሩ ቢመለስም፣ በሰኔ 404 ዓ.ም. እንደ ገና ተሰደደ። ሰባ ቀን ያህል ተጉዞ በአርመን ተራሮች ወዳለችው ወደ ኩኩሶስ ደረሰ። ከዚያም ለኦሎምጵያስ መልእክት ይጽፍላት ነበር፤ ዐሥራ ሰባቱ እስከ ዛሬ ይገኛሉ። ስለ በሽታው፣ ስለ ብርዱና ስለ ወንበዴዎች ይነግራታል፤ ስለ እርሱ የያዛትን ብርቱ ኀዘን ግን ይገሥጻል፤ ከኀጢአት በቀር ሰውን በእውነት የሚጎዳ ነገር እንደሌለ ያስተምራታል። እርስዋም ስለ እርሱ መከራ ተቀብላ በኒቆምድያ በስደት ሞተች። እነዚህ ሁለቱ፣ መነኩሴውና መበለቲቱ፣ በዚህ ዓለም ዳግመኛ አልተያዩም፤ ነፍስ ከነፍስ ጋር የሚተባበርበት ፍቅር ምን እንደሚመስል ግን ለሚያነብ ሁሉ አሳዩ።

በ407 ዓ.ም. ጠላቶቹ ገና አልረኩምና በጥቍር ባሕር ዳር ወዳለችው ወደ ጲጥዩስ እንዲወሰድ ታዘዘ። ወታደሮች በፀሓይና በዝናብ ሦስት ወር ያህል በእግሩ ነዱት። ኮማና በምትባል ስፍራ ሲደርስ ኀይሉ አለቀ። በሰማዕቱ በባሲሊስቆስ ቤተ ክርስቲያን ነጭ ልብስ ለብሶ፣ ሥጋውንና ደሙን ተቀብሎ፣ እንደ ልማዱ ስለ ሁሉም ነገር እግዚአብሔርን አመስግኖ መስከረም 14 ቀን ዐረፈ።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በጥር 438 ዓ.ም.፣ ዐፅሙ በታላቅ ክብር ወደ ቁስጥንጥንያ ተመለሰ። ያን ጊዜ የነገሠው የአርቃድዮስና የአውዶክስያ ልጅ ትንሹ ቴዎዶስዮስ ነበር። ንጉሡ በሣጥኑ ላይ ፊቱን ደፍቶ፣ ባለማወቅ ስለ በደሉት ስለ አባቱና ስለ እናቱ ቅዱሱን ይቅርታ ለመነ። ዮሐንስ በሕይወቱ ሳለ ያስተማረው ነገር በሣጥኑ ላይ ተፈጸመ፤ የሞቱት ወላጆች በልጃቸው ጸሎት ታሰቡ፤ የቤተ ሰብ ፍቅርም መቃብርን ተሻግሮ ይቅርታ ፈለገ።

ቤተ ክርስቲያናችን ይህን አባት ታከብራለች። ኅዳር 17 ቀን ዕረፍቱን፣ ግንቦት 12 ቀን ፍልሰተ ዐፅሙን ታስባለች፤ ከዐሥራ አራቱ ቅዳሴያት አንዱም በስሙ ይጠራል። ስሙን በየቅዳሴው የምናነሣ ካህናት፣ ትምህርቱንም ለሕዝባችን ማድረስ ይገባናል። እኛ ካህናት አብዛኞቻችን በሕግ ጋብቻ ጸንተን መሥዋዕት የምናቀርብ ነንና፣ የጋብቻን ንጽሕና ከእኛ ይልቅ ሊመሰክር የሚገባው የለም።

እንግዲህ ሙሽሮችን በተክሊልና በቍርባን ስናጋባ፣ የምንባርከው ለዚህ ዓለም ኑሮ ብቻ እንዳይደለ እንንገራቸው፤ ታናሿን ቤተ ክርስቲያን አብረው ሠርተው አብረው ወደ መንግሥተ ሰማያት እንዲገቡ እናስተምራቸው። ወንዱ ከሴቲቱ የሚጠይቀውን ታማኝነት ራሱ አስቀድሞ ይጠብቅ። መነኩሴም ባለ ትዳሩን አይናቅ፤ ባለ ትዳሩም መነኩሴውን አይንቀፍ፤ ሁለቱም ወደ አንዲት ሰርግ ቤት የሚሄዱ ናቸውና። ባሏን ቀብራ የመጣች መበለት እንተያይ ይሆን ወይ ብላ ስትጠይቀንም፣ በዚያ ማግባትና መጋባት የለም ብለን ብቻ አናሰናብታት። የሥጋው ሥርዓት ቢያልፍም፣ በክርስቶስ የጸና ፍቅር ከክርስቶስ ጋር እንደሚኖር፣ ወደ እርሱ የሚያደርሰውም መንገድ ንስሓ፣ ጸሎት፣ ምጽዋትና ቅዱስ ቍርባን እንደ ሆነ እንንገራት። በቤቷ ባዶነት ውስጥ ብቻዋን እንዳልተተወች ታውቃለች፤ ለባሏም ልታደርግለት የምትችለው ነገር እንዳለ አውቃ ትጽናናለች።

የቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ጸሎቱና በረከቱ ከሁላችን ጋር ይኑር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።